በወረቀቱ ጀርባ የተጻፈው

በ1951 ዓ.ም. እህቴ ትርፌ ሳንባዋን ታማ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። መርፌዋን ሳትጨርስ ከወጣች ሕመሙ ብሶ እንደሚመለስባት ሐኪሙ ለአባቴ ነግሯቸዋል። አሰላ ከእናቴና ከአባቴ ጋር የቀረሁት እኔ ነኝ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ድረስ ስለተማርሁ የቤቱ ደብዳቤ ጸሐፊም እኔው ነበርሁ።

በየወሩ አንድ ሉክ ወረቀት እንጽፍላታለን። አባቴ አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ሥርዓት የሚወዱ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ጤናዋ ይጠየቃል፤ ቀጥሎ ሰላም የሚሏት ሰዎች እንደየማዕረጋቸው ይሰለፋሉ። ጎረቤቶችም ስማቸው እንዳይቀር ይመጣሉ። አንድ ጊዜ እትዬ የሺሃረግ ከባላቸው እህት በታች መጻፋቸውን ሲነበብ ሰምተው ሁለት ሳምንት ደጃችንን አልረገጡም። እንዲህ እያለ ወረቀቱ ያልቃል።

በየካቲት የትርፌ መልስ መጣ። «ሠላሳ አራት ሰው ሰላም ብሎኛል፤ ሁሉም ደኅና ነው። የእኛ ቤት ግን ደብዳቤው ውስጥ የለም። አንዳንድ ቀን መኖሩንም እጠራጠራለሁ። ሐኪሙ ቢፈቅድም ባይፈቅድም ለፋሲካ እመጣለሁ።»

እናቴ አለቀሰች። አባቴ ምክር የበዛበት ደብዳቤ እንድጽፍ አዘዙኝ፤ ሰላምታውም እንዳይጓደል። ፊታቸው አንደበቴ አይፈታምና እንዳሉኝ ጻፍሁ። ብቻዬን ስቀር ግን ወረቀቱን ገልብጬ በጀርባው ሌላ ጀመርሁ።

አባባ ጠዋት ደጅ ቆመው የጭላሎን ተራራ አይተው «ዛሬ አይዘንብም» ሲሉ፣ እማዬ ሊሰጣ የወጣውን ገብስ መልሳ እንደምታስገባ ጻፍሁ። ዶሮዋ አሁንም የአባባ ባርኔጣ ውስጥ እንደምትጥል፣ እሳቸውም እንቁላሉን አውጥተው ባርኔጣውን እንደሚደፉት ጻፍሁ። እማዬ ስትቆጣኝ መጀመሪያ «ትርፌ» ብላ እንደምትጠራኝ፣ አሳምነው መሆኔን ከዚያ በኋላ እንደምታስታውስም ጻፍሁ።

ደብዳቤ ሳይታሸግ ተነብቦ መሰማት አለበት። ፊቱን አነበብሁ። አባቴ ጀርባው ላይ ያለው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ጆሮዬ እየጋለ እሱንም አነበብሁት። ገብሱ ላይ ስደርስ እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። አባቴ አልሳቁም።

«ሰው እህቱ ታማ ስለ ዶሮ ይጽፋል?»

«የጠየቀችው እሱን ነው፣ አባባ» አልሁ። ለአባቴ እንዲህ ስመልስ የመጀመሪያዬ ነበር።

ወረቀቱን ተቀብለው ፊቱንም ጀርባውንም አዩት። በኋላ «እንግዲያው፣ ከሄድሽ ወዲህ በቅሎዋ ከእጄ ጨው አትልስም ብለህ ጨምርበት» አሉ።

«እሱስ ይቅር» አለች እናቴ። «ይህን ከሰማች ነገውኑ ትነሳለች።»

አባቴ እኔን አዩኝ። ብጽፈው ናፍቆቱ ከአልጋዋ ያስነሳት ይሆናል። ብተወው ደግሞ እንደገና ጎደሎ ቤት መላኬ ነው። ጻፍሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪና ከአዲስ አበባ በገባ ቁጥር እናቴ ወደ መንገዱ ታያለች።

ፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የመጣው ግን ደብዳቤ ነው። «ጀርባውን በክፍላችን ላሉት ሴቶች አነበብሁላቸው» ይላል። «አጠገቤ የተኛችው ከጢቾ የመጣች ሴት ባሏ ከበግ ጋር እንዴት እንደሚጨቃጨቅ እስከ ራት ድረስ አወራችልን። ቤቱ ካለ እኔም መቆየት አያቅተኝም፤ መርፌዬን እጨርሳለሁ። ነሐሴ እንለቅሻለን ብለውኛል። ደጁን ጠዋት ጠዋት የሚከፍተው ማን እንደሆነ ግን አልጻፍህልኝም።»

አላውቅም ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ተከፍቶ ነው የማገኘው። በማግስቱ ሳይነጋጋ ነቅቼ፣ ከመኝታዬ ሳልነሳ ጋቢዬን እንደተከናነብሁ ጠበቅሁ። እናቴ መጣች። እንዳይጮህ በአንድ እጇ በሩን ደግፋ፣ በሌላው መወርወሪያውን ቀስ ብላ ሳበች። ከዚያ የተኛነውን ዘወር ብላ አየችና ወጣች።