ለሰሊጥ የተወቀረ ወፍጮ

በ1977 ዓ.ም. የዐቢይ ጾም አጋማሽ ላይ ሸጋዬ መካነ ሰላም ካለው ቤታችን ከገባች አርባ ቀን ሆኗት ነበር። የባለቤቴ የክንፈ ሟች ወንድም ሚስት ናት። ከላላ ወረዳ ያለው ማሳቸው ደርቆ፣ ባሏን ቀብራ፣ ብቻዋን በእግሯ መጣች። ቀበሌው ለሰፈራ የሚሄዱትን ይመዘግብ ስለነበር፣ ክንፈ ስሟን ያስመዝግብ ወይስ እኛ ዘንድ ያቆያት፣ እስከ ቅዳሜ መወሰን ነበረበት።

እኔ እንድትሄድ እፈልግ ነበር። ምክንያቱን ለማንም አልተናገርኩም።

ከአባይ በረሃ የመጣ ጥቂት ሰሊጥ ነበረን። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ስቆላው ያርርብኛል፣ ስፈጨው አይልምልኝም። እሷ ግን ገና መንጣጣት ሲጀምር ታወርደዋለች፤ ከላይኛው ድንጋይ፣ ከመጁ ሥር ዘይቱ ወጥቶ እንደ ማር እየተሳበ ይወርዳል።

«ወርቂቱ፣ ይህን ቅመሺማ!» አለኝ ክንፈ ጣቱን እየላሰ። «አንቺ ዲግሪሽን ስትይዢ፣ እሷ ይህን ተምራለች።»

ሳቀ። እሷም አንገቷን ደፍታ ፈገግ አለች። በአሥር ዓመት ትዳራችን እኔ በሠራሁት ምግብ ጣቱን ልሶ አያውቅም።

ዓርብ ማለዳ፣ ሸጋዬ ውኃ ልትቀዳ እንደ ወረደች፣ የወፍጮውን ፊት በድንጋይ እየመታሁ ወቀርኩት። አዲስ የተወቀረ ወፍጮ አሸዋ ይጥላል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ገለባ ይፈጭበትና ይደፋል። ገለባውን ሆን ብዬ ተውኩት። እሷም ተመልሳ የቀረችንን ሰሊጥ ፈጨችበት።

ክንፈ የሰሊጡን ፍትፍት ሲጎርስ አገጩን እመለከት ነበር። አላመጠ፤ ዋጠ።

«ከትናንቱም ይበልጣል» አለ።

ወደ ማድ ቤት ሄድኩ። ሸጋዬ ጎንበስ ብላ ከቅሉ ሥር የቀረውን ዝቃጭ ትጠጣለች፤ አሸዋው በጥርሷ መካከል ሲንቀጫቀጭ ይሰማል።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«በውኃ በጥብጬ አሳረፍኩት፣ እትዬ። አሸዋው ሲሰጥም ላይ ላዩን ቀዳሁላችሁ። ሥሩም እኮ ሰሊጥ አለበት፤ በዚህ ዘመን ይደፋል እንዴ?» አፏን በነጠላዋ ጠረገች። «ገለባውን ረስተውት ነው። ማስተማሩ ያደክማል።»

ማወቋን ከዓይኗ አየሁ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ በዚህም በለጠችኝ።

ስመለስ ክንፈ ስለ እሷ ሊናገር አፉን ከፈተ። ምን እንደሚል አውቅ ነበር።

«ትቆይ» አልኩ ቀድሜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፤ ሸጋዬ ቃሉን ከእሱ አፍ እንዳትሰማው።