ማንግ ቴርዮ ካርታቸውን ሲያነሱ

...ጣራውን ማየት ነው የሚሻለው፣ ጣራው ላይ የተንጠለጠለው መብራት ሠላሳ ሁለት አምፖል አለው፣ ከትናንት ጀምሮ ስትቆጥረው ነው የዋለች፣ አንዱ ተቃጥሏል፣ በቀኟ የተቀመጡት ሽማግሌ፣ ማንግ ቴርዮ፣ ካርታቸውን ወደ ዓይናቸው ሲያነሱ ሚንዳ አንገቷን ወደ ላይ ታቀናለች፣ ሲያወርዱ ታወርዳለች፣ ውኃ እንደምትጠጣ ዶሮ፣ ደግሞ አነሱ፣ ደግሞ ወደ ላይ።

አንገቷ ደርቋል።

ሌላው ሰው ካርታውን ጠረጴዛው ላይ እንደተኛ ጫፉን ቆልመም አድርጎ ሰርቆ ነው የሚያየው፣ ሽማግሌው ግን ከልጅ የመጣ ደብዳቤ እንደሚያነቡ ሁሉ አፍንጫቸው ሥር ድረስ ያመጡታል፣ የዓይን ሞራ ነው፣ ሁለቱም ዓይን ላይ፣ በግራቸው የተቀመጠ ሰው ደግሞ ወደደም ጠላም አብሮ ያነብባል፣ በግራቸው የተቀመጠችው እሷ ናት፣ ከስንት መቶ ወንበር ይህ ደረሳት።

ነግራቸዋለች እኮ። ትናንት ገና በመጀመሪያው ሰዓት፣ ማንግ ቴርዮ ካርታዎት ይታያል፣ ሸፈን ያድርጉት እንጂ፣ ብትላቸው፣ ካየሽማ አንብቢልኝ ልጄ፣ እኔ ሰባትና ንግሥት መለየት ካቆምኩ ሰነበትኩ፣ አሉ፣ ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ፣ እሷም ከንፈሯን ገጥማ ሳቀች፣ ሳቁ ሲያልፍ ግን ጥቁር ሱፍ የለበሰውን ዳኛ ጠራችው፣ ዳኛው ጎንበስ ብሎ ሰማትና፣ አቴ፣ ታላቅ እህቴ እንደማለት፣ የራስን ካርታ መሸፈን የባለቤቱ ሥራ ነው፣ እርስዎ ነግረዋቸዋል፣ ከዚህ በኋላ ጥፋት የለብዎትም፣ ይጫወቱ፣ አላት። ጥፋት የለብዎትም። ሕጉ እንዲህ ካለ እንዲህ ነው፣ እና ታዲያ አንገቷ ለምን ይዞራል፣ እሱን እሷም አታውቀውም፣ ዝም ብሎ ይዞራል።

ሃያ ሁለት ዓመት ትኬት ቆርጣለች፣ ከባክላራን ኖቫሊቼስ፣ ከኖቫሊቼስ ባክላራን፣ በአውቶቡሱ መተላለፊያ ውስጥ ጎኗን እያሾለከች፣ የተኛና የተኛ የሚያስመስል ሰው ለይታ ታውቃለች፣ የተኛ ሰው አፉ ይከፈታል፣ የሚያስመስል ሰው አፉን አጥብቆ ይዘጋል፣ ወንድም፣ ትኬት፣ ወንድም፣ ማስመሰሉን ተወውና ትኬት፣ ፖከርም ይኸው ነው፣ ሌላ ነገር የለውም፣ ካርታውን የተማረችው ለቅሶ ቤት ነው፣ ሌሊት ሌሊት፣ ሬሳው እስኪቀበር ሳሎን ተቀምጦ አጎቶቿ በረንዳ ላይ ሲጫወቱ፣ ያ ካርታ ሌላ ይህ ካርታ ሌላ፣ ሰው ግን ያው ሰው ነው፣ መልካም ነገር ሲደርሰው ይረጋጋል፣ ሲዋሽ ይበልጥ ይረጋጋል።

እሷን ግን የሚያነባት የለም። የፊት ሁለት ጥርሷ ከወለቀ ስምንት ዓመት ሆነው፣ ከዚያ ወዲህ ከንፈሯን ከፍታ አታውቅም፣ በደስታም በንዴትም ያው የተዘጋ በር ነው፣ ግራዋ ላይ ያለው ኮፍያ ያጠለቀ የሲንጋፖር ልጅ ከጠዋት ጀምሮ ፊቷ ላይ አፍጥጦ ምንም አላገኘም፣ ይፈልግ፣ ምናለበት።

ሰማንያ አንድ ሰው ቀርቷል። የሚከፈለው ሰማንያ ነው። ከስድስት መቶ ምናምን ሰው አንድ ብቻ ይውጣ ተብሎ ይኸው አንድ ሰዓት አለፈ፣ ማንም አይወጣም፣ ማንም አይነካም፣ አሥሩም ጠረጴዛ አንድ ዙር ይጫወትና ሌላው እስኪጨርስ እጁን አጣምሮ ይጠብቃል፣ ሁለት ቀን ሙሉ ተቀምጦ ባዶ እጁን የሚሄደው ያ አንዱ ማን ይሆን እያለ ሁሉም ሰው የሌላውን ሞት ይመኛል፣ እሷም ትመኛለች፣ ለምን ትዋሻለች፣ ያ ከዳቫዎ ከተማ የመጣው ወፍራም ሰውዬ ቢወጣ ምን አለበት፣ የራሱ ሱቅ አለው።

ሰማንያኛው የሚያገኘው የስምንት ወር ደመወዟን ያህል ነው። ጥርስ። ከሁሉ በፊት ጥርስ። ከዚያ የተረፈውን እግዜር ያውቃል።

አምቦ ሲሰማ ምን አለ፣ አምቦ የአውቶቡሷ ሹፌር፣ አሥራ አንድ ዓመት ጀርባውን እያየች ሠርታለች፣ ፓሳይ ሰፈር በእሑዱ ትንሽ ውድድር አንደኛ ወጥታ የዚህን የትልቁን መግቢያ ስትሸለም፣ አንቺ፣ እዚያ የሚቀመጡት እኮ ዓለምን የዞሩ ናቸው፣ አንቺ የዞርሽው የኖቫሊቼስን አደባባይ ነው፣ አሥር ደቂቃ ከቆየሽ መሪዬን እበላለሁ፣ መሪህን ጨው አድርግበት አለችው። ሁለተኛ ቀኗ።

የሽማግሌው ነገር ደግሞ። ይህ ሁሉ ሰው ሲፈራ እሳቸው አይፈሩም፣ ወይም አይታያቸውም፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ አራቴ እንደ ገንዘብ የሚቆጠረውን ጠጠራቸውን በሙሉ በሁለት ክንዳቸው ወደ መሐል ገፍተዋል፣ ሁሉንም፣ እያሉ፣ እና አራቴም ሰው ሁሉ ካርታውን ጥሎ መሐል ያለችውን ሰብስበው በልተዋል፣ አንዴ ራሳቸው ገልጠው አሳዩ፣ ስምንትና ሦስት፣ ጠረጴዛው ጮኸ፣ ማንግ ቴርዮ ያምዎታል እንዴ፣ ምን ላድርግ ሰማንያ ሰው የቀረ መስሎኝ፣ አሉ። ሰማንያ መስሎኝ! ሚንዳም ያን ጊዜ ለራሷ ተናግራለች፣ ጮክ ብላ ሊሆን ምንም አልቀራትም፣ እኚህ ሰው ለአምስተኛ ጊዜ ሲገፉ እጄ ላይ ደኅና ነገር ካለ እገባለሁ፣ ምንም ቢመጣ እገባለሁ፣ በቃ።

ካርታ የምታድለው ልጅ ደግሞ አደለች። ሁለት ሁለት። የሚንዳ ሁለቱ ፊቷ ተደፍተው ይጠብቃሉ፣ ተራዋ እስኪደርስ አታነሳም፣ ማንግ ቴርዮ አነሱ፣ አንገት ወደ ላይ፣ ሠላሳ አንድ የበራ፣ አንድ የጠፋ፣

ሚንዳ! በልተሻል?

የአምቦ ድምፅ ነው፣ ተመልካች ከሚቆምበት ገመድ ወዲያ፣ በስተቀኝ፣ የሹፌር ሰማያዊ ሸሚዙን እንደለበሰ፣ ሩዝና የተጠበሰ ዓሣ በላስቲክ አንጠልጥሎ፣ እና አንገቷ ስሙን እንደሰማ ውሻ ወደ ቀኝ ዞረ፣ ወደ ቀኝ፣ በማንግ ቴርዮ እጅ ላይ አልፎ።

ንጉሥና ንጉሥ።

አላየሁም። አይታለች። ቀዩም ጥቁሩም፣ ጢማቸው ሳይቀር፣ ሁለት ንጉሥ፣ ሽማግሌው ካርታውን አስቀመጡ፣ ክንዳቸውን ዘረጉ፣ ሁሉንም፣ አሉ፣ እንደ ወትሮው፣ ድምፃቸው ከስምንትና ሦስቱ ጊዜ ቅንጣት ሳይለይ፣ ተራው የእሷ ሆነ።

የራሷን ቆልመም አድርጋ አየች። ንግሥት። ሌላዋም ንግሥት።

አምስት ሰዓት ሙሉ ስትጠብቀው የነበረው ይኸው መጣ፣ በዚህ ቀን ይህን የመሰለ ካርታ አላየችም፣ ከሁለት ንግሥት በላይ ያለው ሁለት ንጉሥና ሁለት አስ ብቻ ነው፣ እና ሁለቱ ነገሥታት የት እንዳሉ በዓለም ላይ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፣ ባለቤታቸው እንኳ በቅጡ መለየታቸው ያጠራጥራል፣ ብትገባ ከአምስት አንድ እንኳ የማይሞላ ዕድል፣ ጣዪ፣ ጣዪና ዝም በይ፣ የዳቫዎው ሰውዬ ይወጣል፣ ወይ ሌላው ይወጣል፣ ጥርስሽን ታስተክያለሽ፣ ማን ያውቃል፣ ማንም፣ በዚህ ሰዓት ሁለት ንግሥት የሚጥል ጎበዝ ተጫዋች ሞልቷል፣ የሲንጋፖሩ ልጅ ራሱ ይጥል ይሆናል፣ ዳኛውም ብሏል፣ ጥፋት የለብዎትም።

ዳኛውን ብትጠራስ፣ ያንኑ ይደግማል፣ በዚያ ላይ የሽማግሌው ካርታ በሰው ሁሉ ፊት ሊወራ ነው፣ እሳቸውን ማዋረድ።

እሺ፣ አምቦ ባይጠራት ኖሮ። ምን ታደርግ ነበር። ይህን ብቻ መልሺ ሚንዳ፣ ሌላውን ተይው፣ ወንድም ትኬት እንደምትይው ለራስሽ ጠይቂ፣ ባታይ ምን ታደርጊ ነበር፣ እገባ ነበር፣ ሳላንገራግር፣ ምያለሁ እኮ፣ ሰው ባይሰማኝም ምያለሁ፣ እንግዲያው አሁን ብጥል የምጥለው በራሴ ጭንቅላት ሳይሆን በእሳቸው የታመመ ዓይን ነው፣ ብገባ ደግሞ ያየሁትን እንዳላየሁ መሆን ነው፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የተኛ የሚያስመስለውን ሁሉ ስቀሰቅስ ኖሬ ዛሬ እኔ ራሴ ዓይኔን ልጨፍን፣ አፌን አጥብቄ ልዝጋ፣ ሲያስቅ። ቂል ነሽ። ቂል ነኝ፣ ጥርሱስ፣ ጥርሱ ስምንት ዓመት ቆየ፣ ደግሞ ይቆይ፣ ብወስደው ግን በተሰረቀ ጥርስ ነው የምስቀው፣ በየቀኑ በመስታወት፣ በሩዙም በዓሣውም፣ አይ።

አቴ፣ ይወስኑ፣ አለች ካርታ የምታድለው ልጅ በለሆሳስ።

እገባለሁ።

ድምፁ የማን ነው። እጇ ጠጠሩን ገፍቷል፣ በግራዋ ያለው የሲንጋፖር ልጅ ኮፍያውን ወደ ኋላ ጣል አድርጎ ካርታውን ወረወረ፣ ሌሎቹም ተራ በተራ ወረወሩ፣ ልጅቷ ቆጠረች፣ የሚንዳ ከሽማግሌው በሁለት ጠጠር ይበልጣል፣ በሁለት ጠጠር አንድ ዙር እንኳ አይታለፍም፣ ስለዚህ ያው ነው፣ ከሁለት አንዳቸው ያ አንዱ ሰው ሊሆኑ ነው። ቆዩ፣ ካርታ እንዳይገለጥ፣ ሌሎቹ ጠረጴዛዎች ይጨርሱ፣ አለ ዳኛው። ይህም አለ ለካ። መጠበቅ። ሰው ከየጠረጴዛው ተነስቶ መጣ፣ ተከበቡ፣ የዳቫዎው ሰውዬም መጥቶ ጭንቅላታቸው ላይ ቆመ፣ ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ፣ ልጄ፣ ስምንትና ሦስት ይዘው ነው ብለሽ ከሆነ አዝናለሁ፣ አሉ፣ እሷም፣ አይ ማንግ ቴርዮ፣ እንደሱ አላልኩም፣ አለች፣ ይህ ቢያንስ እውነት ነው።

ግለጡ።

ነገሥታቱ። ንግሥቶቹ። ዙሪያው ሁሉ ኡ አለ፣ አምቦ ከገመዱ ወዲያ፣ ምነው ሚንዳ፣ አለ፣ እንደ ለቅሶ፣ ማንም እንዴት እንደገባች አልጠየቀም፣ ሁለት ንግሥት ነው የያዘች፣ ያጋጥማል እንጂ ምን ይደረጋል፣ እንዲህ ነው የሚሉት፣ በቃ አለቀ፣ ነገ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት አውቶቡስ ዴፖ፣ አሁን ለሁለቱም የሚሆኑት አምስት ካርታዎች መሐል ላይ ይዘረጋሉ፣ መጀመሪያ ሦስቱ ባንዴ፣ አታይም፣ አየች፣ ሁለት፣ አሥር፣

ንግሥት።

ከሆዷ የወጣው ነገር ደስታ ነው፣ ሌላ ስም የለውም፣ ልሸነፍ ብላ ገብታ ይኸው ሥጋዋ በሙሉ አሸንፊ ይላል፣ አፍራለች፣ ግን ደስ ብሏታል፣ አራተኛው ካርታ አራት፣ አምስተኛው፣ ንጉሥ እንዳይመጣ፣ ንጉሥ ይምጣ፣ እንዳይመጣ፣

ዘጠኝ። ሦስት ንግሥት ሁለቱን ንጉሥ በላ።

ጩኸት ሆነ። ሰማንያ! ሁሉም ተከፋይ ሆነ! የዳቫዎው ሰውዬ የማያውቀውን ሰው አቅፎ ይዘላል፣ ጭብጨባው ከጥግ እስከ ጥግ ነው፣ ለማን እንደሚያጨበጭቡ ግን አይናገሩም፣ ማንግ ቴርዮ ብቻ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ጠረጴዛው ላይ ይፈልጋሉ፣ ሚንዳ አነሳችና ሰጠቻቸው።

በደንብ ተጫወትሽ ልጄ።

ማንግ ቴርዮ...

ግድ የለም። ከትናንት ጀምሮ አንገትሽን ስታዞሪልኝ አይቻለሁ፣ ካርታ አይታየኝም እንጂ አንገት ይታየኛል፣ በዚህ ቤት እንዲህ ያደረገልኝ የለም፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ዝም ማለት ይቻል ነበር። ምርቃቱን ተቀብሎ መቀመጥ።

ይቺን ግን አይቻታለሁ፣ አለቻቸው፣ ጆሯቸው ሥር፣ ሁለቱን ነገሥታት፣ ሳልገባ በፊት፣ ሳላስበው ዞሬ አየሁ።

ሽማግሌው ቆሙ። ዳመና ያለበት ዓይናቸው ፊቷን ፈለገ።

አይተሽ ገባሽ?

አይቼ ገባሁ።

ኧረ ለምን?

ባላይ እገባ ስለነበር።

ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ ማልቀሳቸው መስሏት ደነገጠች፣ እየሳቁ ነው፣ እስኪያስላቸው ሳቁ፣ ስሚኝ፣ ሃምሳ ዓመት ካርታ ስጫወት በብልጠት የበሉኝ ሰዎች ተቆጥረው አያልቁም፣ በቂልነት የበላሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ፣ ለሰው እንዳትናገሪ፣ ሁለታችንም ላይ ይስቁብናል። ትከሻዋን መታ መታ አድርገው፣ የወንበሮቹን ጀርባ እየዳበሱ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ወንበር፣ ሰው መሐል ገቡ።

ይስቁ። ግን ቆይ፣ ቆይ እስቲ፣ ብትጥል ኖሮ ሌላ ሰው ይወጣ ነበር፣ እሳቸውም ይከፈላቸው ነበር እሷም ይከፈላት ነበር፣ ሁለቱም፣ በዚያ ገንዘብ የዓይን ሐኪም ዘንድ ይሄዱ ነበር፣ ሳታይ እንደምታደርገው ስላደረገች ነው ሰውየው ባዶ እጃቸውን የሄዱት፣ ይህንን ቅድም አላሰበችውም፣ አንዴም አልመጣባትም፣ ስለ ራሷ ንጽሕና ስትጨነቅ፣ ደግሞ ብታስበውስ፣ መጣል ለእሳቸው ሲባል ሌላ ማጭበርበር አይደል እንዴ፣ ነው፣ አይደለም፣ አታውቅም፣ ተነስታ ልትከተላቸው ነው፣ ምን ልትላቸው፣ ሳቁ እኮ፣ እውነተኛ ሳቅ ነው፣ የሚያስመስል ሰው አያስለውም።

አምቦ በላስቲኩ እያውለበለበ ነው፣ ነይ ብይ፣ ቀዝቅዟል፣ ሰማንያ ውስጥ ገባሽ አንቺ ጉድ! ጭብጨባው በረደ፣ ሰው ወደየወንበሩ ተመለሰ፣ በቀኟ ያለው ወንበር ባዶ ነው፣ ፊቷ ሁለት አዲስ ካርታ ተደፍቷል፣ መቼ እንደታደለ አላየችም።

አቴ፣ አለች ልጅቷ፣ አሉ ወይ?

ሚንዳ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች።

አለሁ።