ሁለት የአዋቂ እርምጃ

መርከቧ እንደገና መጓዝ ከጀመረችበት ቀን አንስቶ ከወደባችን ሁለት እርምጃ ርቃ ነው የምትቆመው። ዕድሜዬ ሰባ አራት ስለሆነ አንዳንድ ቀንና አንዳንድ ቁጥር አሳስቼ ሊሆን ይችላል። ይህኛውን ግን አልተሳሳትኩም። ርቀቱን በእጄ ለክቼዋለሁ።

ስሜ ቢምረው ይባላል። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። በጣና ሐይቅ ሰሜን ዳር ባለች ትንሽ ወደብ ሠላሳ አንድ ዓመት ገመድ ተቀባይ ሆኜ ሠርቻለሁ። መርከቧ ስትቀርብ ከላይ ገመድ ይወረወራል፤ እኔ እቀልብና ከብረቱ ምሰሶ ጋር አስራለሁ። ሥራው ይኸው ነው። በሠላሳ አንድ ዓመት ገመድ ያመለጠኝ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፣ ምናልባት ሦስት።

በሽታው አገራችን ሲገባ የሐይቁ ጉዞ ተከለከለ። ባለቤቴ እናንዬ ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ዓይኗን ልትታከም ባሕር ዳር ሄዳ ነበር። የዓይኗ ሞራ ተገፈፈላት፤ ነገር ግን አውቶቡሱም መርከቡም ስለቆመ እኅቷ ቤት አምስት ወር ተቀመጠች። "አሁን ጤፍ ውስጥ ያለ ጠጠር እለያለሁ" አለችኝ በስልክ። "የቀረኝ አንተን ማየት ነው።"

በነሐሴ መጀመሪያ ጉዞው በአዲስ የጤና ደንብ ተፈቀደ። ደንቡ ሁለት ገጽ ነው። የጤና ጣቢያችን ነርስ ሲስተር ፋንታዬ ወደቡ ላይ ቆማ አነበበችልን። መርከቧ የምትጭነው የወትሮውን ግማሽ ሰው ነው። ሁሉም ማስክ ያደርጋል። ከመሳፈሩ በፊት የግንባሩ ሙቀት ይለካል። ተሳፋሪ ከወደብ ሰው ሁለት የአዋቂ እርምጃ ይራራቃል።

"የየትኛው አዋቂ?" አለ አስረስ። አስረስ ጎረቤቴ ነው፣ ልብስ ሰፊ። የእሱም ሚስት እንደ እናንዬ ባሕር ዳር ቀርታበት ነበር። "የእኔና የአያ ቢምረው እርምጃ አንድ አይደለም። እኔ ሁለቱን ስጨርስ እሳቸው ገና ጫማቸውን ያስተካክላሉ።"

ሰው ሳቀ። ሲስተር ፋንታዬ ወረቀቱን ገለበጠች። ከጀርባው ምንም አልተጻፈም።

"አባባ፣ እርስዎ ይራመዱልን" አለችኝ። "ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት እርስዎ ነዎት።"

እኔ ጠንቃቃ ሰው ነኝ። በር ከቆለፍኩ በኋላ ተመልሼ እገፋዋለሁ። በሽታውንም ፈርቼው ነበር። ስለዚህ ያን ቀን እንደወትሮዬ አልተራመድኩም። ለጥንቃቄ ብዬ እግሬን የቻለውን ያህል ዘረጋሁት፣ ሁለት ጊዜ። ሲስተር ፋንታዬ በኖራ አሰመረችበት። በልኩ ገመድ ተቆረጠ። ደንቡ ልኬቱ በሁሉም ወደብ አንድ ይሁን ስለሚል፣ በዚያው ልክ የተቆረጠ ገመድ ለደቅ፣ ለዘጌና ለባሕር ዳር ተላከ። አብሮት በሄደው ደብዳቤ ላይ "በአቶ ቢምረው እርምጃ" ተብሎ ተጻፈ፤ ማኅተም ተመታበት።

መርከቧ ሰኞ ነሐሴ 4 ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ደረሰች። ተሳፋሪው ሃያ ስድስት ነበር። ገመዱ ተወረወረ፤ ቀለብኩት፤ አሰርኩት። መርከቧ ቀረበችና ሁለት እርምጃ ሲቀራት ቆመች። አራት ሆነን ገመዱን ጎተትን። ምሰሶው ተነቃነቀ፣ መርከቧ አልተነቃነቀችም። ካፒቴኑ ሞተሩን አስጮኸው፤ ውሃው ደፈረሰ እንጂ ሌላ የሆነ ነገር የለም።

ሰባት እርምጃ የሚሆን ሳንቃ አምጥተን ከወደቡ ዘረጋን። መርከቧ ከሳንቃው ጫፍ ሁለት እርምጃ ርቃ ተገኘች። አንድ ዋና የሚችል ተሳፋሪ ወደ ውሃው ዘለለ። ሩብ ሰዓት ያህል በኃይል ዋኘ። ወደቡ ከእሱ ሁለት እርምጃ ላይ እንዳለ ቆየ። ሲደክመው ወደ መርከቧ መልሰው ጎተቱት። ታንኳ ላክን፤ ታንኳውም ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቆመ። ዕቃ ግን ያልፋል። ዳቦ ወረወርንላቸው፤ ቀለቡት።

ሲስተር ፋንታዬ ርቀቱን በገመዷ ለካች። "ደንቡ ተከብሯል" አለችና መዝገቧ ላይ ጻፈችው።

እናንዬ መርከቧ ጫፍ ላይ ብረቱን ተደግፋ ቆማ ነበር። ትኩር ብላ አየችኝ።

"ቢምሬ፣ አርጅተሃል እኮ።"

"አምስት ወር ቀላል ነው እንዴ" አልኳት።

"የአምስት ወር አይደለም። ከዚያ በፊት ነው ያረጀኸው። እኔ ነኝ ያላየሁህ።"

ከሰዓት በኋላ መርከቧ ጥሩምባዋን ነፍታ ወደ ባሕር ዳር ተመለሰች። እዚያም ሁለት እርምጃ ላይ ቆመች፤ የወረደ ሰው የለም። ደቅና ዘጌም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ በየሰኞው እየመጣች ትቆማለች፤ በመጨረሻም ጥሩምባ ነፍታ ትሄዳለች። ምግብና ልብስ በፌስታል እያሰርን እንወረውርላቸዋለን። ደንቡን ላወጣው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጻፍን። ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጣው መልስ "ርቀቱ እንዲጠበቅ" ይላል። አስረስ ገመዱን በመቀስ አሳጥሮ የኖራውን መስመር በጫማው አጠፋው። ምንም አልተለወጠም።

በጥቅምት ግራ ጉልበቴ አበጠ። በዚያው ሳምንት ሰኞ ርቀቱን በሸምበቆ ስለካው አንድ ስንዝር ቀንሷል። ሸምበቆው ላይ በቢላ ምልክት አደረግሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ጉልበቴ ባሰበት፤ ርቀቱም ሌላ አራት ጣት ቀነሰ። ነገሩን ለማጣራት አንድ ሳምንት ሙሉ ሆን ብዬ እያሳጠርኩ ተራመድኩ። ይህ አልተቆጠረልኝም። የሚቆጠረው በእውነት የሚያጥረው ነው።

ለማንም አልተናገርኩም። አስረስ ግን ልብስ ሰፊ ነው፤ ሰው ሲራመድ በዓይኑ ይለካል። አንድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ መንገድ ዳር ቆሞ እግሬን ሲያይ አገኘሁት። በማግስቱ መደገፊያ ያለው ወንበር ተሸክሞ መጣ።

"ይቀመጡ አያ ቢምረው" አለኝ። "በዚህ ዕድሜ ምን ያንከራትትዎታል?"

ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ደግ ሆነልኝ። ዘይቱና ሽንኩርቱ ቤቴ ድረስ ይመጣልኛል። ቤተ ክርስቲያን በወንበር ተሸክመው ይወስዱኛል። ሰኞ ሰኞ አራት ጎልማሶች ወደቡ ድረስ ያደርሱኛል። እንዲህ ተከብሬ አላውቅም። "እንዴት አደሩ? እግርዎስ?" ይሉኛል። "ዛሬ ተሽሎኛል" ያልኩ ቀን ፊታቸው ይከፋል። ለጉልበቴ የምቀባው ቅባት ሲያልቅብኝ ሲስተር ፋንታዬን ጠየቅኋት።

"እኛም ጋ አልቋል አባባ" አለች መሬት መሬት እያየች። ወንድሟ መርከቧ ላይ ነው።

ምርኩዜ በዚያው ሰሞን ጠፋ።

እናንዬ በወንበር ተሸክመው ሲያመጡኝ ከመርከቧ ሆና ስታይ ተቆጣች።

"ለምንድን ነው የተሸከማችሁት?"

"እንዳይደክሙ ነው እትዬ" አለ አስረስ።

"ውረድና ተራመድ" አለችኝ።

"ጉልበቴን ያመኛል።"

"እያመመህም ቢሆን። በየቀኑ እስከ ገበያው ሂድና ተመለስ።"

እዚያ ሁሉ ሰው ፊት መናገር ከበደኝ፤ ሆኖም ነገርኳት። "እርምጃዬ ባጠረ ቁጥር መርከቧ ትቀርባለች። እግሬ ጨርሶ ከቆመ ቤትሽ ትገቢያለሽ።"

እናንዬ ነጠላዋን አስተካከለች። "ገብቼስ ማንን ላገኝ?" አለች። "እኔ ከዚህ ሆኜ አይሃለሁ። ለአሁኑ ዓይኔ ሁለት እርምጃ ምንም አይደለም።"

የአስረስ ሚስት አጠገቧ ነበረች። "እኛስ፣ እትዬ እናንዬ?" አለቻት ቀስ ብላ።

እናንዬ ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም። ሃያ አምስቱ ሰዎች መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ የእኔን እግር አዩ።

በዚያ ሳምንት በሬን ዘግቼ፣ ግድግዳ ተደግፌ ቤቴ ውስጥ ተራመድኩ። ከአልጋው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ አልጋው። በቀን ሰባት ዙር፣ አንዳንዴም ስምንት። ሰኞ ዕለት ርቀቱ በሁለት ጣት ሰፍቶ ተገኘ። እናንዬ ፈገግ አለች። ሌላ ፈገግ ያለ ሰው አልነበረም። ወደ ቤት ሲመልሱኝ አስረስ ከወንበሩ ጎን ጎን እየሄደ አነጋገረኝ።

"አያ፣ የጫማዎ ሶል አልቋል።"

"ደህና ነው።"

"ላስጠግንልዎ" አለና እዚያው ከእግሬ ላይ አወለቀው። ጫማው አልተመለሰልኝም።

በኅዳር መጨረሻ አተኮሰኝ፤ ሳልም ተከተለ። ሲስተር ፋንታዬ በሩ ላይ ቆማ በሙቀት መለኪያው አነጣጠረችብኝ። ስንት እንዳለ አልነገረችኝም። "እንዳይነሱ" ብላ ሄደች። ከዚያ በኋላ ለመነሳት ሁለት ጊዜ ሞክሬ አልቻልኩም።

እናንዬ በየቀኑ ትደውል ነበር።

"ዛሬ ተራመድክ?"

"እስከ ገበያው ሄጄ መጣሁ" አልኳት አንድ ሰኞ።

"ዋሽተኸኛል" አለችኝ። "ዛሬ የምሰሶውን ዝገት ቆጠርኩት፤ ያን ያህል ቀርበናል።"

ሰኞ ታኅሣሥ 12 ረፋድ ላይ የመርከቧን ጥሩምባ ከአልጋዬ ሆኜ ሰማሁ። ስትደርስ አንድ ጊዜ፣ ስትሄድ ሁለት ጊዜ ነው የምትነፋው። የሰማሁት አንዱን ነው። ወዲያው ስልኬ ጠራ። አስረስ ነበር፤ ከወደቡ ነው የሚደውለው።

"አንድ ስንዝር ቀርቷል አያ" አለኝ። ድምፁ ደስ ያለው ሰው ድምፅ ነበር። "በሜትሬ ለካሁት።"

"ለምን አይሻገሩም?"

"አይሆንም። ሞከሩ። ግን ሁሉም ጫፉ ላይ ተሰልፈው አንድ አንድ እግራቸውን አንስተዋል። እንደዚያው ቆመዋል።"

"እናንዬስ?"

"እትዬ ተቀምጠዋል። ሁለቱንም እግራቸውን አጥፈው ከሥራቸው አድርገዋል። ጫማቸውን ሐይቁ ውስጥ ጣሉት።"

"ስልኩን ስጣት" አልኩት። አንድ ስንዝር ቅርብ ነው፤ ሊያቀብላት ይችል ነበር። አላቀበላትም።

"አያ፣ እርስዎ አሁን እንዴት ነዎት?" አለኝ።

"ደህና ነኝ" አልኩት።

ከኋላው ብዙ ሰው እንዳለ ይሰማኛል፤ የሚያወራ ግን የለም።

"እሺ፣ እንጠብቃለን" አለና ዘጋው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ወሬ አልሰማሁም። ስልኬ ባትሪ ጨርሷል፤ የሚሞላልኝም የሚጠይቀኝም ሰው አልመጣም፤ ሁሉም ወደቡ ላይ ናቸው። ስንት ቀን እንደሆነ በትክክል አላውቅም። ሦስት ሊሆን ይችላል፣ አራትም ሊሆን ይችላል። ይህን የምጽፈው ተኝቼ ነው። ሁለቱ ጥሩምባ እስካሁን ስላልተነፋ መርከቧ እንዳልሄደች አውቃለሁ። ሃያ አምስት እግር አየር ላይ ነው።