አባዬ «እርስዎ» ሲል

አባዬ ሲናደድ አይሳደብም። ቢሳደብማ ምን ነበረበት! እሱ «እርስዎ» ነው የሚለው። አጎቴ፣ የገዛ ታናሽ ወንድሙ፣ የሌላ ፓርቲ አባል ሆኖ የመጣ ዕለት «እንኳን ደስ አለዎት» አለው፤ ይኸው እስከ ዛሬ በዚያው ቀረ። የአንድ እናት ጡት የጠቡ ሰዎች ሲገናኙ «ደህና ነዎት?» «ደህና፣ እርስዎስ?» ይባባላሉ። ስሰማቸው ብርድ ብርድ ይለኛል።

እኔ ደግሞ የገባሁት እዚያው የአጎቴ ፓርቲ ነው። ጉዴ ፈላ! እናቴን ባማክራት «እኔን እዚህ ውስጥ አታስገቢኝ፤ በአንድ ዘመን ሁለት እርስዎ አልችልም» አለችኝ። አባዬ ከሰው ሳይሰማ መናገር ነበረብኝ። የእንጨት ሥራ ቤታችን ውስጥ አብረን ነው የምንሠራው፤ «አንቺ መጋዙን አምጪ፣ አንቺ እንዲህ አይላግም» ሲለኝ ነው የሚውለው። ያ «አንቺ» ከቀረብኝ ምን ልሆን ነው?

ጊዜ መረጥኩለት። የወንበር እግር በኮላ እያጣበቅን ነበር። ጨምቆ የሚይዝልን ሞርሳ ሌላ ጠረጴዛ ስለያዘ፣ እኔ መቀመጫውን፣ እሱ እግሮቹን ግጥም አድርገን በእጃችን ይዘናል። ኮላው እስኪይዝ ጥሎኝ መሄድ አይችልም። ተንኮሌ ይቺ ናት።

«አባዬ፣ ፓርቲ ገባሁ።»

«የማን ልደት ነው?»

«ኧረ የፖለቲካውን! አጎቴ ያለበትን።»

ጉሮሮውን ጠረገና፣

«መቼ ገቡ?» አለኝ።

ወሽመጤ ቁርጥ አለ። ገቡ! እኔን፣ ልጁን!

«መጀመሪያ ያንተ ፓርቲ ስብሰባ ሄጄ ነበር» አልኩ። «ልጠይቅ ስነሳ ‹የማን ልጅ ነሽ?› አሉኝ። ስምህን ስጠራ አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። ‹ተባረኪ፣ ተቀመጪ› አሉኝ፤ ጥያቄሽ ምንድን ነው ያለኝ የለም። እነዚያ ግን ማን እንደሆንኩ እንኳ ሳያውቁ አዳመጡኝ። አፋጠጥኳቸው፣ መለሱልኝ። ፕሮግራማቸውንም አንብቤ ነው የገባሁት፤ አጎቴን ብዬ አይደለም።»

«ጥያቄዎን ሳይሰሙ አስቀመጡዎት?»

«ሳይሰሙ።»

«ሊቀመንበሩ እያለ?»

«ያስጨበጨበው ማን ሆነና!»

የአባዬ ፊት በርበሬ መሰለ። «አጨብጫቢ ሁላ!» አለ ለራሱ። በእኔ ይሁን በእነሱ የተናደደው ግራ ገብቶኝ ፊት ፊቱን ሳይ እጄ ላላ፣ መቀመጫው ሸርተት አለ።

«ያዢ እንጂ! አንቺ ዝርክርክ! ኮላ ቀልድ አያውቅም ብዬ ስንቴ ልንገርሽ? እዚያም ሄደሽ እንዲህ ልትሠሪ ነው? ልታዋርጂኝ ነው?»

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ዝርክርክ አለኝ! አንቺ አለኝ! ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ፤ ሁለት እጄ ስለተያዘ መጥረግ እንኳ አልቻልኩም።

«ምን ያስገለፍጥሻል?» አለ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ። ገብቶታል። «ደግሞ ተሳስተሻል። ያ ያንቺ ፓርቲ ስለ ኢኮኖሚ የሚያውቀው ነገር የለም። ኮላው ከያዘ በኋላ አስረዳሻለሁ።»

«እሺ አባዬ።»

እግሮቹን ወደ መቀመጫው ጫን አደረጋቸው።

«ጥያቄሽስ ምን ነበር?» አለኝ።