ቀድማ የምትደርስ እጅ

አማከለች ግራኝነቷን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደብቃ ኖራ፣ ዛሬ «ግራኝ ነኝ» ብትል የሚያምናት ጠፋ።

ልጅ ሳለች፣ ላፍቶ፣ እናቷ ግራ እጇን በጨርቅ ከወገቧ ጋር እያሰሩ ነበር የሚያበሏት። ትምህርት ቤት ስትገባ ደግሞ እናቷ የጀመሩትን መምህሩ በማስመሪያ ጨረሱት። እንዲህ ተገርታ በቀኝ በላች፣ በቀኝ ጻፈች፣ ሰውም በቀኝ ጨበጠች። ነፋስ ስልክ ካለው ልብስ ፋብሪካ ጨርቅ ቆራጭ ሆና ስትቀጠር ግን መቀሱ በቀኟ አልታዘዝ አላት። ስለዚህ ከጠረጴዛው ጫፍ፣ ግድግዳው ጥግ ቆማ በግራዋ መቁረጥ ጀመረች። ይህን የሚያዩት ፊት ለፊቷ የሚቆሙት የቆራጮቹ አለቃ አቶ አስረስ ብቻ ነበሩ። እሳቸውም «ጨርቁ ቀጥ ብሎ ይቆረጥልኝ እንጂ ከፈለግሽ በእግርሽ ቁረጪው» ብለው ምስጢሯን ያዙላት። ጠዋት ጠዋት ሥራ ሲጀመር ስሟን ጠርተው፣ ጨርቅ የሚሰመርበትን ጠመኔ በጠረጴዛው ማዶ ይወረውሩላታል፤ እሷም ከአየር ላይ ትቀልበዋለች።

ሚያዝያ 1989 ላይ አንዱ ማሽን ቺንጋው ውስጥ ጨርቅ ጠቀለለ። አማከለች ሳታስብ፣ ጨርቁን ልታወጣ ግራዋ ቀድማት ገባች። ሐኪሞች እጇን ከአንጓው በላይ ቆረጡት።

ኅዳር ላይ፣ በአንድ ሆስፒታል ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ የሦስት ሐኪሞች የሕክምና ቦርድ ለውሳኔ ተቀመጠ። የጠፋው የሥራ እጇ ከሆነ የዕድሜ ልክ አበል ይወሰንላታል። አጋዥ እጇ ከሆነ ግን ጥቂት ካሳ ተቀብላ መሰናበት ነው። ብቻዋን የምታሳድገው ልጇ ፍሮምሳ ገና ሁለተኛ ክፍል ነው።

«እስቲ ስምሽን ጻፊ» አሏት ሰብሳቢዋ ዶክተር ሣራ።

ጻፈች። በቀኟ፣ እንደ ቁም ጸሐፊ አሳምራ። የመምህሩ ማስመሪያ ይህን ያህል ዘመን ቆይቶ እንደገና መታት።

የፋብሪካው የአስተዳደር ኃላፊ አቶ ከበበው ወረቀቱን አንስተው በደስታ አዩት። «ይሄ የግራኝ ጽሕፈት ነው እንግዲህ?»

«መቀስ ስጡኝ» አለች አማከለች።

ሰጧት። አንዲት ነርስ ጋዜጣ ያዘችላትና በቀኟ ቆረጠች። መስመሩ እንደ ላፍቶ ቁልቁለት ተጠማዘዘ።

«ጠማማ መቁረጥ ማን ያቅተዋል?» አሉ አቶ ከበበው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ቦርዱ ግን እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው የሚቀመጠው። የቀራት ተስፋ አቶ አስረስ ነበሩ፤ እሳቸውም የተጠሩት የፋብሪካው ምስክር ሆነው ነው። ባለፈው ሳምንት ቤታቸው ድረስ ሄዳ ለምናቸው ነበር። «አምስት ልጅ አለብኝ፣ አማከለች» ነበር መልሳቸው። «ከበበው ደግሞ ሰው ማባረርን ከቁም ነገር አይቆጥረውም።»

ገብተው ቆሙ። ዓይናቸው እሷ ላይ አላረፈም።

«ምሳ ስትበላ በየትኛው እጇ ነበር?» አሉ አቶ ከበበው።

«በቀኟ።»

«ደመወዝ ስትፈርምስ?»

«በቀኟ።»

«ስትቆርጥስ?» አሉ ዶክተር ሣራ።

አቶ አስረስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አቶ ከበበው ትክ ብለው አዩአቸው።

«እኔ . . . ጨርቁን ነው የማየው፣ እጅ አላይም።»

ስምንት ዓመት ፊት ለፊት ቆሞ እጅ አላይም የሚል ሰው! አምስት ልጆች እንዳሉት አማከለች ታውቃለች፤ ብታውቅም ጠላችው። ዶክተሯ አመስግነው አሰናበቷቸውና እስክሪብቶአቸውን አነሱ። አቶ ከበበውም ፋይላቸውን መሰብሰብ ጀመሩ።

አቶ አስረስ በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ጀርባቸውን እንደሰጡ እጃቸውን ካፖርታቸው ኪስ ከተቱና ጥቂት ቆዩ። ከዚያ ዞሩ።

«አማከለች።»

ቀና ስትል ሰማያዊ ጠመኔ በክፍሉ መሃል እየበረረ ይመጣል።

ቀኟ ጭኗ ላይ እንደተቀመጠች ቀረች። ባዶው የግራ እጅጌ ግን ብድግ ብሎ ተዘረጋ። ጠመኔው እጅጌውን መትቶ ወለሉ ላይ ወደቀና ለሁለት ተሰበረ። ጥቁሩ ሹራቧ ላይ ሰማያዊ ምልክት ቀረ።

«ስምንት ዓመት ጠመኔ የሰጠኋት እንዲህ ነው» አሉ አቶ አስረስ። «አሁን አየሁ ብዬ እፈርማለሁ። በግራዋ ነው የምትቆርጠው።»

አቶ ከበበው ከወንበራቸው ተነሱ። «ተመካክረው ነው! ይሄ ተንኮል ነው፣ ዶክተር።»

«ፊቷን ይዩት፣ አቶ ከበበው» አሉ ዶክተር ሣራ ዝግ ብለው።

አዩ። ከዚያ ፋይላቸውን ይዘው መልሰው ተቀመጡ።

ዶክተሯ የአቶ አስረስን ቃል መዘገቡ፣ አስፈረሟቸው፤ ከሁለቱ ሐኪሞች ጋር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተመካከሩና «የሥራ እጅ» ብለው ጻፉ። አቶ አስረስ ነገ ፋብሪካው በር ላይ ምን እንደሚጠብቃቸው እያወቁ ወጡ። አማከለች ልትከተላቸው፣ ልታመሰግናቸው ይገባ ነበር። ግን መነሳት አቃታት።

ጠመኔው ሲመጣ፣ ለአፍታ፣ መዳፏ ላይ ሲያርፍ ተሰምቷት ነበር። ጣቶቿን ሁሉ አጥፋ ጨብጣው ነበር። ሰባት ወር ሙሉ ስለ እጇ አላለቀሰችም፤ አቤቱታ ስታጽፍ፣ ደጅ ስትጠና ጊዜ አልነበራትም። አሁን ውሳኔው ፊቷ ተቀምጦ፣ ያን ሰማያዊ ምልክት በቀኟ ሸፍና፣ እንደ ሐዘንተኛ አለቀሰች።