የረውዳ የመሸጋገሪያ ኮርስ

ረውዳ ከሰቆጣ ኮሌጅ በዲፕሎማ በተመረቀች ሰሞን ዩኒቨርሲቲ ገብታ ዲግሪዋን የምትቀጥልበት ዕድል ደረሳት። ዕድሉ ግን አንድ ግዴታ ነበረው፤ ከኮሌጅ የሚመጡ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲው ግራ እንዳያጋባቸው አስቀድመው ለስምንት ሳምንት በኦንላይን የመሸጋገሪያ ኮርስ መውሰድ አለባቸው። የሚያስብላቸው አላጡም። ኔትወርክ አላችሁ ወይ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም፤ መቼም አሳቢ ሰው ሁሉን ነገር አስቦ አይዘልቀውም።

የመጀመሪያው ትምህርት የኢንተርኔት መቆራረጥን በትዕግስት ስለ መቋቋም የሚያስረዳ የአርባ ደቂቃ ቪዲዮ ነው። ረውዳ በአራት ቀን ዘጠኝ ደቂቃውን አየች። ምሳው የሚባለው አስተማሪ፣ ከረባቱን አሳምሮ ያሰረ ወጣት፣ "ዋናው ነገር" ብሎ አፉን እንደከፈተ ደርቆ ቀረ። ዋናው ነገር ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቀችም። የሁለተኛው ሳምንት ትምህርት የአሳንሰር አጠቃቀም ነበር።

እናቷ ሐሊሜ ገበያው ጫፍ ላይ ሱቅ አላት። ኔትወርኩ ሻል የሚለው እዚያ፣ የጨው ጆንያዎቹ ላይ ሲወጡ ስለነበር ረውዳ ስምንቱንም ሳምንት ጆንያ ላይ ተቀምጣ ተማረች። ሐሊሜ ለደንበኛው ሁሉ "ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገባች" ትላለች። "የት?" ሲሏት ወደ ጆንያው ታመለክታለች።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ደንቡ ጥብቅ ነው፤ ካሜራ ይከፈታል፣ ተፈታኙ ለብቻው ይቀመጣል፣ ሌላ ሰው ከታየ ፈተናው ይሰረዛል። ቀኑ ደግሞ የገበያ ቀን ነበር። ሐሊሜ ሱቁን ዘግታ፣ ደጃፉ ላይ በርጩማ አስቀምጣ ዘበኛ ሆነች።

ረውዳ ከሃያው ጥያቄ አሥራ ሰባቱን እንደሠራች የጓሮው በር ተከፈተ። የቤቱ የቆዩ ደንበኛ አባ ደግሰው ገመድ ሊገዙ ከደሃና ወረዳ መጥተው፣ ከፊት ሰው ሲያጨናንቃቸው በኋላ ዞረው ነው የገቡት።

"አባ ደግሰው፣ እባክዎ ይውጡ! እየተፈተንኩ ነው!"

"ማነው የሚፈትንሽ?" አሉ ዙሪያውን እየቃኙ።

"ስልኩ! እያየዎት ነው!"

አባ ደግሰው ጨዋ ሰው ናቸው፤ የሚያያቸውን ሰላም ሳይሉ መውጣት አልሆነላቸውም። ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉና፣ "እንደምን ዋሉ? ቤተሰብ ደህና? ከብቱስ? ይቺ ልጅ የኛው ናት፤ እባክዎ አያክርሩባት" አሉ።

ስክሪኑ ቀላ። ከአንድ በላይ ሰው ስለታየ ፈተናው ተሰርዟል።

"ሰላምታ አይመልስም እንዴ?" አሉ ቅር ብሏቸው።

ረውዳ አልቅሳ ሲወጣላት አቤቱታ ጻፈች። መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ፤ አቤቱታ የሚቀበሉት በቪዲዮ ብቻ እንደሆነ በትህትና ይገልጻል።

"ወላሂ፣ ረውዳዬ፣ እነዚህ ሰዎች በሩቁ አይገባቸውም" አለች ሐሊሜ። "ሂጂና ፊታቸው ቁሚ።"

ሁለት ቀን በመኪና ተጉዛ ዩኒቨርሲቲው ደረሰች። የኦንላይን ትምህርት ቢሮ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሳንሰሩ ተበላሽቷል። እያለከለከች ስትገባ ምሳው ያለ ከረባት ተቀምጧል።

"ከሰቆጣ በአካል መጣሽ? ይኸኮ ኦንላይን ነው!"

"ፈተናዬን ልጨርስ ነው የመጣሁት።"

"ሲስተሙ ካልፈቀደልሽ እኔ ምን ላድርግሽ? ደግሞ ዛሬ ኔትወርክ የለም።"

ረውዳ ልትቆጣ አስባ ሳቋ አመለጣት። "መምህር፣ እኔ ስምንት ሳምንት እንደዚሁ ነበርኩ። ሃያውንም ጥያቄ ወረቀት ላይ ይስጡኝ።"

ምሳው በሩን ዘግቶ ጥያቄዎቹን በእጁ ይጽፍላት ጀመር። አሥራ ዘጠኙን በትክክል መለሰች። አርሞ ሲጨርስ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር።

"አንቺ አልፈሻል። ሌላ ሠላሳ ስድስት ተማሪ ግን አቋርጧል። ሰንፈው ነው ብዬ ሪፖርት አድርጌያለሁ።"

"ስልካቸውን ይስጡኝ" አለች ረውዳ።

ለእያንዳንዳቸው ደወለች። በሁለት ሳምንት ውስጥ አሥራ አራቱ ከየወረዳቸው በአውቶቡስ እየመጡ ደረጃውን ወጡ፤ ምሳውም ጣቱ እስኪዝል ጻፈላቸው። የኦንላይን ትምህርቱ በአጭር ጊዜ አመርቂ ውጤት ማስመዝገቡ በሚቀጥለው ሪፖርት ተካተተ።