ከሞራው ሥር

የሆድ ዕቃ የውጭኛው ሽፋን ሕመሙ የት እንዳለ ያውቃል፣ ጣት ቀስሮ ያሳያል፣ አንጀቱን የሸፈነው የውስጠኛው ግን ያመዋል እንጂ ቦታውን አያውቅም፣ ትናንት ከመቂ ሲነሳ ሕመሙ እምብርቱ ዙሪያ ማረፊያ አጥቶ ይንከራተት ነበር፣ አዳማ ሲገባ ቀኝ ጎኑ ላይ ቆመ፣ ትርፍ አንጀት ነው፣ ይህን ለማወቅ ፈይሳ ሐኪም አያስፈልገውም፣ እስከ ሦስተኛ ዓመት ተምሯል፣ ሐኪም ሊሆን ነበር። ነበር።

ጋሼ፣ በረጅሙ ይተንፍሱ፣ ትላለች ነርሷ የማደንዘዣውን ኤተር ጭምብል አፍንጫው ላይ እየደፋች። የጣሪያው መብራት እንደ አቢጃታ ሐይቅ ውኃ ይርገበገባል።

ሆዱ ላይ ያረፈው እጅ ቀዝቃዛ ነው፣ ያውቀዋል፣ የጉተማ እጅ ነው፣ ተማሪ ሳሉ በአንድ ጠረጴዛ አንድ ሬሳ ከፍተዋል፣ ቆዳ፣ ስብ፣ ጡንቻ፣ ከዚያ ያች እንደ እርጥብ ሐር የምታንሸራትት ስስ ሽፋን፣ ከእሷ ሥር አንጀቱ ላይ የተደረበው ሞራ፣ ጉተማ በመቆንጠጫ ብድግ አድርጎት፣ ሞራ ገላጭ አባትህን ጥራቸውና ያንብቡልን፣ አለ፣ ሳቁ፣ ያው እጅ ነው በቀይ ሽብሩ የማጋለጥ ስብሰባ የተነሳው፣ ፈይሳ ጸረ አብዮተኛ ነው ብሎ፣ ከዚያ እስር፣ ከዚያ መቂ፣ በጠመኔ የሰው ሆድ እየሳሉ ማስተማር፣ በከተማው ዛሬ ሌላ ቀዳጅ ሐኪም የለም፣ እንቢ ቢል ይሞታል፣ እሺ ቢል በዚህ እጅ ይከፈታል።

ሆድህን ልቀቀው እንጂ፣ እንጨት ሆነብኝ፣ ይላል ጉተማ።

እንጨት ይሁን።

ኤተሩ ይጣፍጣል፣ ያስጠላል፣ የትውልድ መንደሩ ቡልቡላ፣ ግራሩ ሥር፣ ከእረፍት ወደ ትምህርቱ ለመሸኛው የታረደ ፍየል፣ አባቱ ሆራ ሞራውን ወደ ፀሐይ ዘርግተው ያነባሉ፣ ደም ሥሮቹ እንደ ጋሪ መንገድ፣ ጓደኛው ጉተማ እንግዳ ሆኖ ጉበት እየበላ፣ አባዬ፣ ምን አዩ? ደህና ነው፣ አሉ፣ ዓይናቸውን ግን አሸሹ፣ ምን እንዳዩ ሳይነግሩት ሞቱ፣ እሱ እስር ቤት ሳለ፣ አልቀበራቸውም።

ፈይሳ፣ ጉተማ ጎንበስ ብሏል፣ ያን ቀን አባትህ ለብቻዬ ጠሩኝ፣ ልጄን አንተ እጅ ላይ አየሁት፣ አደራ፣ አሉኝ። በላሁት አደራውን።

ይሄን ሁሉ ዓመት አፍነህ፣ አሁን? ቃሉ ከጭምብሉ አያልፍም፣ ጭምብሉን መግፋት ይችላል፣ ክንዱ ገና የራሱ ነው፣ ግን አባቱ ያዩት የትኛውን እጅ ነው፣ ያን የተነሳውን ወይስ ይሄን፣ ሞራ ይሄዳል ልጆች፣ ይላል መቂ ላይ ለተማሪዎቹ፣ ማንም ሳያዘው የቆሰለውን ቦታ ፈልጎ ሄዶ ይጠቀለልበታል፣ ይሸፍነዋል፣ ቁስሉ ግን ከሥሩ አለ፣ የራሱ እጅ ጭምብሉን ሊገፋ አልተነሳም፣ ይጠብቃል፣ ሆዱ ከጉተማ እጅ ሥር ቀስ እያለ ይላላል፣ ያላላው ኤተሩ ይሁን እሱ ራሱ ይሁን